የአባቴ ቮልስ አልተርኔተር ገባላት፦ ከአንድ ክረምት በኋላ

ሐምሌ 2016 ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ቀበና ድልድይ ላይ መኪናው ተሰልፎ ቆሟል። ዝናቡ አይጣል ነው። የቮልሷ የዝናብ መጥረጊያ ሄዶ እስኪመለስ ልቤ ይንጠለጠላል። ፍሬን ስይዝ ፓውዛው ይፈዛል። ፍሬቻ ሳበራ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ እንደበራ ይቀራል። ክሩስኮቶው ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ መብራት ደግሞ ፍም መስላ ተቀምጣለች። ነዳጅ ስሰጥ ትከስማለች፣ እግሬን ሳነሳ መልሳ ትቀላለች። እንዲህ እየተለማመጥን አራት ኪሎ ደረስን። ሐውልቱ ጋ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፍ ባዞር ሞተሪኖው አንዴ ጠቅ አለና ዝም። ሁለት ልጆች በዚያ ዝናብ ወርደው ገፍተው አስነሱልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ነርስ ነኝ። የማታ ተረኛ ስሆን በዚያ ሰዓት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወርጄ ንጋት ላይ እመለሳለሁ። መኪናዋ የአባቴ ነበረች፤ በፈረንጆች 1970 የተሠራች ቮልስ 1300። አባቴ ሲያርፍ ወንድሞቼ እንሽጣት አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው፣ ሠርጌም የሄድኩት በእሷ ነው። ስለዚህ መቆሟ ብቻ ሳይሆን ተረኛ በሆንኩ ቁጥር ትቆም ይሆን እያልኩ መጨነቄ ነው ያማረረኝ።

ያ ጭንቀት አሁን የለም። ኅዳር 2017 ላይ ባለ 55 አምፔር አልተርኔተር ኪት አስገባሁላት። አዲስ ዕቃ በገባ ሳምንት ሁሉም ነገር ደስ ስለሚል፣ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ ጠብቄ ነው አሁን የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ባትሪ የሚሞላውን ነገር ሁሉ ዲናሞ ነው የምንለው። የቪትዝም ዲናሞ፣ የቮልስም ዲናሞ። ዕቃዎቹ ግን አንድ አይደሉም። የድሮው ዲናሞ ኮረንቲውን የሚያመነጨው በሚሽከረከረው ሆዱ ውስጥ ነው። የተመረተው ሁሉ በካርቦኖቹ በኩል ይወጣል። ካርቦኑ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ እየተፋተገ ያልቃል። አልተርኔተር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኮረንቲው የሚመነጨው ከማይንቀሳቀሰው ጥቅል ነው፤ በካርቦኑ የሚያልፈው መሐሉን ማግኔት የሚያደርገው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። ካርቦኑ ዕድሜ ያገኛል። ለእኔ ግን ዋናው ይኼ አልነበረም። ዋናው አልተርኔተር በዝግታ እየዞረም መስጠቱ ነው።

የእኔዋ ዲናሞ ገላው ላይ 14 ቮልት 30 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ሲያዩት በቂ ይመስላል። ያ ቁጥር ግን ሞተሩ ሲሮጥ ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ የቮልስ ሞተር በደቂቃ 850 ጊዜ ያህል ነው የሚዞረው። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ ይህን ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ አሳድጎ ለዲናሞው ያደርሳል፤ 1,500 እንበል። በዚህ ፍጥነት ዲናሞው ገና ዓይኑን እየገለጠ ነው። ቀይ መብራቷ በሚኒሞ የምትቀላውም ለዚህ ነው። ዲናሞው ከባትሪው አንሷል ማለቷ ነው።

አንድ ቀን ተረኛ ክፍል ውስጥ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ፓውዛው ሁለቱም ሲበራ 90 ዋት፣ ይህ 7 አምፔር ያህል ነው። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ኮይል 3 ወይም 4። መጥረጊያው 3 ወይም 4። የኋላ መብራት ከታርጋው ጋር አንድ ተኩል። ፍሬን ስይዝ ሌላ 3። ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያ የስልክ ቻርጀር። ተደምሮ ከ20 አምፔር ያልፋል። ቀበና ድልድይ ላይ ሃያ ደቂቃ ስቆም ያን ሁሉ የሚከፍለው ባትሪው ነበር ማለት ነው። ባትሪ ደግሞ ተቀማጭ ገንዘብ እንጂ ደሞዝ አይደለም። በዚያ ክረምት ሁለት ባትሪ ገዝቻለሁ። ሁለቱም ጥፋት አልነበረባቸውም።

መኪናዋ የተሰናዳችው ለሚሄድ መንገድ ነበር። አባቴ ወደ ደብረ ዘይት ሲወስደን ቀይዋ መብራት በርታ አይቼ አላውቅም። ያኔ መንገዱ ይሄዳል፣ ዲናሞውም ይዞራል። ዛሬ ከፈረንሳይ አራት ኪሎ ለመድረስ ከምሄደው ይልቅ የምቆመው ይበልጣል።

ወደ አልተርኔተር ከመምጣቴ በፊት ግን ብዙ ገንዘብ በትኛለሁ። መጀመሪያ ዲናሞውን አስጠቀለልኩት። ሠራ፣ ለአምስት ወር። ከዚያ ዲናሞው የሚሰጠውን ኮረንቲ የሚቆጣጠረው ሪጉሌተር ነው ተባልኩ። የድሮው ሪጉሌተር ከኋላ ወንበር ሥር የሚቀመጥ ጥቁር ቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ የሚከፈቱና የሚዘጉ ነጥቦች አሉት፤ እነሱ ይቃጠላሉ። ተቀየረ። ቀይዋ መብራት ግን በሚኒሞ መቅላቷን አልተወችም። ከዚያ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ አዲስ ዲናሞ ነው ተብዬ ገዛሁ። ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር። መካኒኬ በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት ከሥር ዝገት ወጣ። የሸጠልኝን ሰው ስም አልጠራም፣ ዕቃውንም አልመለሰልኝም። ቀለም አይታችሁ አትግዙ ለማለት ያህል ነው። ፑሌጃውን ይዛችሁ አዙሩት፤ ኩሽኔታው ይነግራችኋል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ናት ኪቱን ይዛልኝ የመጣችው። 225 ዶላር ወጣበት። ከሻንጣዋ ሰባት ኪሎ ያህል ስለወሰደ ለእናቴ የታሰበው ሳሙናና ሽቶ ቀረ፤ እናቴ እስካሁን ትጠቅሰዋለች። እነዚህ ኪቶች በብዙ ስም ይሸጣሉ፣ ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ካለው ስም ይልቅ ውስጡ ምን እንዳለ ብነግራችሁ ይጠቅማል። አልተርኔተሩ፤ እሱን የሚሸከመው አዲስ መቆሚያ፤ አልተርኔተሩን መቆሚያው ላይ የሚያጠብቀው የብረት ቀበቶ፤ ከፋኑ ቤት ጋር የሚያገናኙት ሁለት ቆርቆሮዎች፤ ዘይት እንዳያፈስ መሐል የሚገባ ጋርኒቸር፤ ፑሌጃ፤ ጥቂት ሮንዴላ። ሪጉሌተሩ አልተርኔተሩ ውስጥ ነው ያለው። ለብቻው አልተርኔተሩን ብቻ እንዳትገዙ። የዲናሞው መቆሚያ ለአልተርኔተር አይሆንም። አንድ የማውቀው የቮልስ ባለቤት እንዲያ ገዝቶ መቆሚያ ፍለጋ ሦስት ወር ተንከራቷል።

ቮልስ ላይ ይህ ሥራ ከሌላ መኪና የሚከብድበት ምክንያት አለ። ሌላ መኪና ላይ ዲናሞ ሁለት ቡሎን ፈትታችሁ የምታወጡት ነገር ነው። ቮልስ ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የታሠረው ከዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። ውሃ የለም፣ ራዲያተር የለም፤ ነፋስ ብቻ። ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ፋኑን ያዞራል። ስለዚህ ቺንጋ ከተበጠሰ ባትሪ መሙላቱ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ሞተሩም መቀቀል ይጀምራል። አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነበር፦ ‹‹እየሄድሽ ቀይዋ ከበራች እቤት ልድረስ አትበይ። ዳር ይዘሽ አጥፊ፣ ወርደሽ ቺንጋውን እይ።›› በሚኒሞ ስትቀላ መኖሯ ያስፈራኝ የነበረውም ለዚህ ነው። የምትጮህ መብራት ሁልጊዜ ከጮኸች እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማን ይሰማታል?

መካኒኬ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ቮልስ ብቻ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ኪቱን ሲያዩ መጀመሪያ ፊታቸው አልፈታም።

‹‹ልጄ፣ ኦሪጅናሉን አውጥተሽ ምን ልታደርጊው ነው?›› አሉኝ።

‹‹እቤት አስቀምጠዋለሁ፣ ጋሼ።››

‹‹እንዳትሸጪው እንግዲህ።››

ቃል ገባሁ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሞተሩ አልወረደም። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈታ። ካርቡሬተሩ ወጣ፣ ኮይሉ ወጣ፣ ቺንጋው ወጣ፣ ቀበቶው ተፈታ። ከዚያ የፋኑ ቤት ተነቅሎ ወደ ላይ ከፍ አለና ዲናሞው ከነፋኑ ወጣ። ከሥሩ የወጣውን አቧራና የደረቀ ቅጠል ብታዩ ታዝኑ ነበር። የዘይት ማቀዝቀዣው ክንፎች ግማሹ ተደፍኖ ነበር። ሞተሯ በዚያ ስንት ዓመት እንደተነፈሰች እንጃ። ለዚያ ጽዳት ብቻ እንኳ ሥራው ያዋጣኝ ነበር።

ፋኑን የያዘው ዳዶ 36 ቁልፍ ነው የሚፈልገው። ያ ቁልፍ በየጋራዡ አይገኝም፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዳዶው ምናልባት ከፋብሪካው ጀምሮ ተፈትቶ አያውቅም። ጋሼ ፋኑን በጨርቅ ጠቅልለው ሞርሳው ውስጥ አስያዙት፣ ሁለት ልጆች ቁልፉ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ተንጫጭቶ ወጣ።

ፋኑ አዲሱ አልተርኔተር ላይ ሲታሠር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በፋኑና በጀርባው ቆርቆሮ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ከዚያ ካነሰ ይፋተጋል። ከበዛ ነፋሱ ያመልጣል። የሚስተካከለው በቀጫጭን ሮንዴላ ነው። ጋሼ መለኪያ አላቸው፣ ለኩም። ከለኩ በኋላ ግን ቁጥሩን አላመኑትም። ፋኑን በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው አዞሩትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮ ነበር፣ ‹‹አጥፉት›› አሉ። እንደገና አዞሩ። አንድ ቦታ ላይ ስስ የሆነ ጭርር የሚል ነገር ነበር፣ እኔ እንኳ አልሰማሁትም። ፈቱት፣ አንድ ሮንዴላ ጨመሩ፣ መልሰው አሠሩ። ለሦስተኛ ጊዜ አዞሩና ፈገግ አሉ። ‹‹አሁን ዝም አለ።›› አንድ ሰዓት ሙሉ ለዚህ ብቻ ሄደ። ይህን ሰዓት ከሚቆጥብ መካኒክ ራቁ።

ሽቦው ቀላል ነበር። አሮጌው ሪጉሌተር ከወንበሩ ሥር ወጣ። ወደ እሱ ይመጡ የነበሩት ሁለቱ ወፋፍራም ሽቦዎች እርስ በርስ ተገናኙ። ከዲናሞው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ወደ ቀይዋ መብራት ከሚሄደው ሰማያዊ ሽቦ ጋር ተያያዘ። በቃ።

ሞተሩ ተነሳ። ቀይዋ መብራት አልጠፋችም።

ሁላችንም ዝም ብለን አየናት። ጋሼ ነዳጅ ሰጡ፣ ከፍ ሲያደርጉት ጠፋች። አጥፍተው ሲያስነሱ እንደገና በራች። እንደገና ከፍ ያለ ነዳጅ ካልተሰጣት አትጠፋም። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ደህና ነው። አልተርኔተሩ የተበላሸ መጣ ብዬ ልቤ ወረደ። መልሼ የምልከው ወደ አሜሪካ ነው!

ችግሩ የእኔው ነበር። ከዓመት በፊት የክሩስኮቶውን አምፖሎች በሙሉ በኤልኢዲ ቀይሬ ነበር፤ ኮረንቲ ይቆጥባል ብዬ። አልተርኔተሩ ሥራ የሚጀምረው ግን በዚያች ቀይ አምፖል በኩል በሚመጣለት ትንሽ ኮረንቲ ነው። ቁልፍ ሲዞር አምፖሏ ውስጥ አልፎ የሚሄደው ኮረንቲ መሐሉን ማግኔት ያደርገዋል። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው በጣም ትንሽ ስለሆነ አልተርኔተሩን አያነቃውም። የድሮዋ ባለ 1.2 ዋት አምፖል ስትመለስ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ቀይዋ ድርግም አለች። ጠፋች። በሚኒሞ። ጋሼ ፓውዛውን አበሩ፣ መጥረጊያውን ከፈቱ፣ ፍሬኑን ረገጡ። አልበራችም። እኔ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ከኪቱ ጋር የመጣው መመሪያ ስለዚህ አምፖል አንድ ቃል አይልም። አንዲት ወረቀት ናት፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ሥዕሉ ጭጋግ። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ብዙ ሰው ደህናውን አልተርኔተር ተበላሽቷል ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አምፖሏ ብትቃጠልም ያው ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ቀይዋ መብራት ካልበራች አልተርኔተሩ ላይሞላላችሁ ይችላል፤ ‹‹አልበራችም፣ እሰየው›› እንዳትሉ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጋርኒቸሩ ነው። መቆሚያው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ በሁለተኛው ሳምንት ዘይት ማላብ ጀመረ። ጋሼ ወፍራም ጋርኒቸር በእጃቸው ቆርጠው ቀየሩት፣ ቆመ። የመቆሚያው ጠርዝም ሻካራ ነበር፣ በሞረድ መስተካከል ነበረበት። የብረት ቀበቶው ቡሎንም ልስልስ ነው፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ጥርሱ ሄደ። እነዚህ ጥቃቅን ናቸው። ከፋብሪካ ከወጣው ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ይታያል። የድሮው ዲናሞ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ቡሎኖቹ ድንጋይ ናቸው።

አሁን ስለ ሽቦው። ኪቱን ከገዛችሁ በኋላ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ባትሪውን በቴስተር ስለካው ፓውዛ በርቶ 13 ቮልት እንኳ አይሞላም ነበር። አልተርኔተሩ ጀርባ ላይ ስለካ ግን 13.8 ነው። ወደ 0.9 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ከሞተሩ እስከ ባትሪው፣ ማለትም እስከ ኋላ ወንበር ሥር፣ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ የመኪናዋ እኩያ ነው። ጋሼ ጫፉን ላጥ ሲያደርጉት መዳቡ መዳብ አይመስልም፤ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ወደ ውስጥ ሌላ ጣት ያህል ቆረጡ፣ አሁንም አረንጓዴ ነው። ሌላ ጣት። እዚያም። በጣታቸው ሲያሹት እንደ ገለባ ተሰባበረ። በዚህ ሽቦ ላይ 30 አምፔር ሲሄድበት የኖረው በምን ተአምር ነው?

ባለ 10 ሚሊ ካሬ አዲስ ሽቦ ተዘረጋ፣ በሁለቱም ጫፍ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ማሰሪያ ብረት) ተጨምቆበት። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ገባበት። ፋብሪካው እዚያ ጋ ፊውዝ አላደረገም፣ ኪቱም ይዞ አይመጣም። አልተርኔተሩ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ስለሚሰጥ ያለ ፊውዝ መተው ልክ አይደለም። ከካምቢዮው ወደ ቦዲው የሚሄደው የተጎነጎነ የኔጋቲቭ ሽቦም በአዲስ ተቀየረ። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ብቻ ይቀይራል። ኮረንቲ በሄደበት ሁሉ መመለስም አለበት። ከዚህ በኋላ የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ሆነ። ይህ ሁሉ ሽቦና ፊውዝ ከኪቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም፣ ካየሁት ለውጥ ግን ግማሽ ያህሉን ያመጣው እሱ ነው።

ወንበሩ ከተነሳ አይቀር ባትሪውን በላስቲክ ክዳን አስሸፈንኩት። የቮልስ የኋላ ወንበር ስፕሪንግ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ሊነካ ይችላል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ።

ቁጥሩ ይኸውና። ሁሉንም የለካሁት ባትሪው ላይ ነው። በፊት፣ በሚኒሞ ፓውዛና መጥረጊያ ሲሠራ 11.9 ቮልት ነበር። አሁን 13.3 ነው። ፍሬን ስይዝ፣ ሬዲዮውም ሲከፈት 13 ላይ ይወርዳል። እየሄድኩ 14.1 ነው። ባለ 55 ስለሆነ በሚኒሞ 55 ይሰጣል ብላችሁ አታስቡ፤ እሱም ሙሉውን የሚሰጠው ሲሮጥ ነው። ግን ባትሪው ከኪሱ አይከፍልም። እኔ የፈለግኩት እሱን ነው።

ከዚህ የበለጠስ? ባለ 75ም፣ ከ90 በላይም አለ። እህቴ ‹‹ትንሽ ጨምረሽ ትልቁን ልግዛልሽ›› ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት በገንዘቡ አይደለም። አልተርኔተር ኮረንቲውን ከሰማይ አያመጣም፣ ከሞተሩ ነው የሚወስደው። 55 አምፔር በ14 ቮልት 770 ዋት ነው። የሚባክነውን ሲጨምሩበት ወደ አንድ ከሦስት አራተኛ የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል። 90 አምፔር ቢሰጥ ወደ ሦስት ይጠጋል። ቮልስ 1300 ሲፈጠርም 40 ገደማ ነው ጉልበቱ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህሉን አጥቷል። የፈረንሳይን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ የወጣ ሰው እያንዳንዷን ያውቃታል። ሌላው ቺንጋው ነው። ቀጭን ነው፣ ያቺው አንዷ ቺንጋ ፋኑንም ታዞራለች። ትልቅ አልተርኔተር ሙሉ ሲጫን ቺንጋው ከተንሸራተተ ሞተሩ ነፋሱን ያጣል። ለብርሃን ብላችሁ ሞተር አታቃጥሉ። ፍሪጅና ትልቅ የድምፅ ማጉያ ለጫነ ሰው ባለ 75 ሊያስፈልገው ይችላል። ለእኔ ዓይነቱ፣ ፓውዛና መጥረጊያ ለሚፈልግ፣ 55 ይበቃል።

ቺንጋው ላይ ሳለሁ፦ ቮልስ ላይ ቺንጋ የሚጠብቀው ዲናሞውን በመሳብ አይደለም። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈታል፣ በመካከሉ ሮንዴላዎች አሉ። አንድ ሲወጣ ይጠብቃል፣ ሲገባ ይላላል። የወጣው አይጣልም፣ ከፑሌጃው ውጭ ከዳዶው ሥር ይቀመጣል። መሐል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል መግባት አለበት። ጊታር ካስመሰላችሁት የአልተርኔተሩ ኩሽኔታ ይሄዳል።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ይህ ነው። ዲናሞ ቻይ ነው፣ አልተርኔተር ግን ውስጡ ዳዮድ የሚባል፣ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍና በቀላሉ የሚቃጠል ዕቃ አለው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ሽቦ አትፍቱ። ከሌላ መኪና ባትሪ አገናኝታችሁ ስታስነሱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለቴ እዩ። ቦዲ ሲበየድ ባትሪው ይፈታ። ሰፈራችን ያለ በያጅ ‹‹ድሮ ፈትተን አናውቅም›› ብሎኝ ነበር። ድሮ ዲናሞ ነበር፣ አልኩት። ፈታው።

የእጅ ዋጋ ከሽቦና ፊውዝ ጋር ሲደመር የኪቱን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ሥራው አንድ ቀን ሙሉ፣ ለሽቦው ሌላ ግማሽ ቀን ወሰደ።

ሁሉም ቮልስ ያለው ሰው ይህን ያድርግ አልልም። መኪናው ለእሑድ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ማታ የማይነዳ ከሆነ፣ ደህና ዲናሞ በቂ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኦሪጅናሉን ጠብቆ ማቆየት ይፈልጋል፣ እሱም ክብር ነው። ባለ 6 ቮልት የሆነ ቮልስ ያለው ሰው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አምፖሉ፣ መጥረጊያው፣ ብዙው ነገር መቀየር ስላለበት አስቀድሞ ያስብበት። ለእኔ ግን መኪናዋ የሥራ መኪና ናት። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የያዝነውን መኪና በደንብ ማቆየት ለብዙዎቻችን ግዴታ ሆኗል።

ባለፈው ነሐሴ እንደገና ቀበና ድልድይ ላይ ተይዤ ነበር። ዝናቡ ያው ነው፣ ሰልፉም ያው ነው። መጥረጊያው ሳይሰለች ይመላለሳል። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድምፁ እንኳ ይሰማል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ሦስት ጊዜ ያህል ሳላስበው ዓይኔ ወደ ቀይዋ መብራት ሄደ። ጨለማ ነበረች።

ጋሼ አሁን ለሌሎች ደንበኞቻቸው ‹‹ይቺን አስመጡ›› እያሉ ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጣሉ አሉ። የአባቴ ዲናሞ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ሥር ተቀምጧል። ትርፍ ባለ 1.2 ዋት አምፖል ደግሞ ከሊብሬው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ክሩስኮቶው ሥር ይዤ እሄዳለሁ።